መሀል ሜዳው ከደባርቅ ሲታይ

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደባርቅ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከሰሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ የወረዱ ባለበቅሎዎችና የከተማው ልጆች ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ትጫወታለች። ጨዋታው በኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ። አንዷን ግብ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሌላዋን ሽመልስ በቀለ አገቡ። ሁለቱም አማካዮች ናቸው። ቤቱ በጩኸት ሲናጥ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ ከፊታቸው የተቀመጠውን ወጣት ነካ አደረጉት። ስለ ግቡ ሊያወሩት መስሎኝ ነበር።

«ያ የኛው ልጅ ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ዞር ብሎ ያያል። አየኸው?» አሉት።

«አዎ ጋሼ፣ ሁሌም እንደዚያው ነው» አላቸው።

«የኛው ልጅ» ያሉት ሱራፌልን ነው። የኛ ያሰኘው የትውልድ ቀበሌው ሳይሆን ያኔ ይለብሰው የነበረው የጎንደሩ የፋሲል ከነማ ማልያ ነው። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳባት ደግሞ በመንገዱ ላይ ነው። በዚህ መስመር ፋሲል የማን ቡድን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔ ግን እስካሁን ከልቤ ያልወጣው የሽማግሌው ዓይን ነው። ግብ በተቆጠረበት ቅጽበት እሳቸው ያዩት ከግቡ በፊት የነበረውን ነገር ነው። ስለ አማካይ ተጫዋች ሙያ ባሰብኩ ቁጥር ወደዚያች አነጋገር እመለሳለሁ፤ አማካይ የሚጫወተው በማየት ነው፣ ኑሮውም የሚቆመው የሚያየው ሰው ሲኖር ነው። በእኛ አገር የዚህ ሙያ ችግር እግር ላይ ሳይሆን ዓይን ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አጥቂ ቢሆን ቆጥሮ መናገር ይቻላል። አሥር ግብ አገባ ይባላል፤ ወሬው ከደባርቅ ካይሮ በአንድ ቀን ይደርሳል። በረኛም ያዳናት ኳስ ትወራለታለች። አማካይ ግን ሥራው በሌሎች እግር ላይ ነው የሚታየው። ከተከላካዩ ተቀብሎ፣ አንድ ጊዜ ነክቶ፣ ኳሷን ተቃራኒው ቡድን ወደሌለበት አቅጣጫ ይልካል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ያሻግራል፤ ሦስተኛው ያገባል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው የሦስተኛው ስም ነው። የመጀመሪያውን ንክኪ ማን እንዳደረጋት ለማወቅ ጨዋታውን ሙሉውን፣ ያውም በትዕግሥት፣ ያየ ሰው ያስፈልጋል።

በትልቁ ዓለምም ቢሆን ይህ ዓይን ቶሎ አልመጣም። ከ2008 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አሥር ዓመት ሙሉ የባሎን ዶር የዓለም ኮከብ ሽልማት የሜሲና የሮናልዶ ብቻ ነበር። ስፔን ዓለም ዋንጫን ባነሣችበት በ2010 እ.ኤ.አ. እንኳ ኢንየስታ ሁለተኛ፣ ዣቪ ሦስተኛ ሆነው ነው የቀሩት። ሰንሰለቱን የሰበረው በ2018 እ.ኤ.አ. ሉካ ሞድሪች ነው። ሞድሪች ልጅ ሳለ በጦርነት ተፈናቅሎ ዛዳር ከተማ ሆቴል ውስጥ ተጠልሎ፣ የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያ የባሰ የማይታይ ሥራ የሚሠራው ተከላካይ አማካዩ ሮድሪ ተሸለመ። ሮድሪ ግብ የሚያገባው አልፎ አልፎ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቅብብሉ ይቆጠራል፤ በየጨዋታው ስንት ጊዜ ኳስ እንደቀማ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ የት ቆሞ እንደነበር ይመዘገባል። የሚቆጥር ካለ የማይታየውም ይታያል። ሞድሪችንም ቢሆን ያ መኪና ማቆሚያ ብቻውን አላሳደገውም፤ በአቅራቢያው የሕፃናት ቡድንና ልጁን ጠርቶ ያስገባ አሠልጣኝ ነበር። እኛ ታሪኩን ስንተርከው ሁልጊዜ የምንረሳው ይህን ክፍል ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ የመጀመሪያው ትልቅ ታሪክ የአማካይ ታሪክ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1935 እ.ኤ.አ. አስመራ ተወለደ፤ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ የአስመራ ሴት ነበሩ። በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ማልያ ስሙ ገነነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስትገናኝ አምበሉ እሱ ነበር። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ሰዓቱ ሲሄድ በ84ኛው ደቂቃ አቻ የሚያደርገውን ግብ ያገባው ራሱ አምበሉ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። መንግሥቱ ጎንደር የተወለደ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባኛል፤ እኛ ሰሜኖች ስለ ኳስ ስናወራ አንገታችንን የማንደፋው በእሱ ነው።

ሉቺያኖ ግን በአብዮቱ ዘመን አገሩን ትቶ ወጣ፤ መስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ውስጥ አረፈ። የአገሪቱን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣ አምበል የመጨረሻዎቹን አርባ ያህል ዓመታት በስደት ኖሮ እዚያው ሲሞት፣ እዚህ ደባርቅ ውስጥ ስሙን የሚያውቁ ወጣቶች ምን ያህል እንደሆኑ ሞክሬ ጠይቄአለሁ። ከጠየቅኳቸው ውስጥ አንዱ «ጣሊያን ነው አይደል?» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም። የ1954ቱን ጨዋታ ሙሉውን አይቶ ለማደግ ዕድል የነበረው ትውልድ የለም። ከመንግሥቱ ግቦች ይልቅ የሉቺያኖ ቅብብል ቀድሞ ተረሳ፤ የአማካይ ዕጣ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ሁሉ እኔ በጥሞና የተከታተልኩት ሽመልስ በቀለን ነው። ሽመልስ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሐዋሳ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው በየሰፈሩ ሜዳ የሚጋጠሙባት፣ የከተማዋ ቡድንም ከእነሱ የሚለቅምባት ከተማ ናት። ከሐዋሳ ከተማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ሊቢያው አል ኢትሃድ አለፈ፤ በኋላ ግን ኑሮው ግብፅ ሆነ። ፔትሮጄት፣ ምስር ለል ማቃሳ፣ ኤል ጉና። ስማቸው በየካፌው የሚጠራ ክለቦች አይደሉም። አህሊና ዛማሌክ ከሚፋለሙበት ከፍታ ሥር የሚጫወቱ ቡድኖች ነበሩ። እዚያ ዓመት ከዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ መቆየት ማለት ደግሞ አሠልጣኝ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መታየትና እንደገና መታመን ማለት ነው። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ሥራው በቁጥር ለማይገለጽ ተጫዋች ይህ ከባድ ነው። አንድ ወቅት ለአንድ ትልቅ ክለብ ፈርሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሚመለሰው ይልቅ የሽመልስን መንገድ አከብራለሁ።

በዚህ ሁሉ መሀል ብሔራዊ ቡድኑ ነበር። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ነው። ቀኗን ልብ ይሏል፤ ሉቺያኖ ዋንጫ ካነሣባት ዕለት ጋር አንድ ናት። አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያየን። ሽመልስ የዚያ ቡድን ልጅ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ካሜሩን ላይ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ ሲመጣም ከጌታነህ ከበደ ጋር ከድሮዎቹ ከቀሩት አንዱ እሱ ነበር።

ከሁሉም ግን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ የመጀመሪያውን ዳዋ ሆቴሳ፣ ሁለተኛውን በ40ኛው ደቂቃ ሽመልስ። ዓመታት በሊጋቸው የኖረ፣ ተከላካዮቻቸውን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው የገባባቸው። ግብፆች ሽመልስን አይተውታል፤ በየሳምንቱ ሜዳቸው ላይ አይተውታል። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ጨዋታ በወረቀት ላይ የኛ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር። ኢትዮጵያ እንግዳዋን የተቀበለችው ማላዊ ውስጥ ነው፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ሱራፌል ከአዳማ ከተማ ወደ ጎንደር የመጣው ፋሲል ከነማ ጠንካራ ቡድን እየሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። በ2011 የውድድር ዘመን ቡድኑን የያዘው ውበቱ አባተ ነበር። ውበቱ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የሊግ ሻምፒዮን ያደረገ፣ ኳስ ከመሬት ሳትነሣ በቅብብል እንድትሄድ የሚሻ አሠልጣኝ ነው። እንዲህ ያለ አሠልጣኝ ያለ አማካይ መተንፈስ አይችልም። በዚያ ዓመት ፋሲል የሊጉን ዋንጫ ለጥቂት አምልጦት ሁለተኛ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ዋንጫን ግን ወሰደ። ውበቱ ቆይቶ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሲሆን ሱራፌልን ከሰው ሰምቶ የሚያውቀው አልነበረም፤ ጎንደር ላይ በየቀኑ ልምምድ ሲሠራ ያየው ልጅ ነው። የአንድ ተጫዋች መንገድ እንዲህ ባለ ነገር ይቀናል ወይም ይጠማል። በሌላ ቡድን፣ ኳስን ከመሀል ሜዳ በላይ አሻግሮ በሚያስመታ አሠልጣኝ ሥር፣ ያው ልጅ ተቀይሮ የሚወጣ ተጫዋች ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ 2013 መጣ። ሥዩም ከበደ ፋሲልን ይዞ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አመጣ። ለደባርቅና ለዳባት ሰው ያ ዓመት ሁለት መልክ ነበረው። በወረርሽኙ ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የጎንደር ቡድን በታሪኩ ትልቁን ዋንጫ ሲያነሣ በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም ጨዋታ አላደረገም። በሌላ በኩል ያ ዓመት ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ የተላለፈበት ነው። ስለዚህ ደባርቅ ውስጥ ማንቸስተርና አርሰናል በሚታዩበት ቤት፣ በዚያው ስክሪን፣ በዚያው ክፍያ፣ ፋሲል ታየ። ከዚያ በፊት ፋሲልን ለማየት ጎንደር መውረድ፣ መኪና ማግኘት፣ ማደር ያስፈልግ ነበር። ያን ዓመት ግን ጅማ ላይ የሚጫወተውን ቡድን ከጨነቅ የተመለሰ አስጎብኚ ጫማውን ሳያወልቅ ያየው ነበር።

ምስሉ ሲቀርብ ሰዉም ተማረ። የሻይ ቤቱ ወሬ ተለወጠ። «ማን አገባ?» ብቻ የነበረው ጥያቄ «ኳሷን ማን ሰጠው?» ወደሚል ሲዞር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይን ካላየ ግን ልብ ምን ይፈርዳል? ያ ስርጭት ከስታዲየም ግንባታ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል። ሜዳን ከሰው አርቆ ምስልን ያቀረበው ይህ አሠራር ከወረርሽኙ በኋላም መቀጠሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ልጅ ተጫዋችን በስክሪን አይቶ ይወደዋል፤ ከሜዳ ዳር ቆሞ ሲያይ ደግሞ ይማረዋል። አማካይ ኳስ በሌለበት ጊዜ የት እንደሚቆም ካሜራ አያሳይም፤ ካሜራ የሚከተለው ኳሷን ነው። ያንን ለማየት ስታዲየም መግባት ያስፈልጋል። ከደባርቅ ልጆች ሱራፌልን ኳስ ሳይዝ ያየው ስንቱ ነው?

ዋንጫው በመጣ በወራት ውስጥ የሰሜኑ ጦርነትም ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ውስጥ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ አሁን ልዘረዝረው አልችልም። ተፈናቃዩ ደባርቅን ሞላት። አዲሱ ዓመት ሲገባ ደግሞ ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን ገጠመ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1። በድምሩ አልተሸነፈም፤ ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ግብ ተበልጦ ወጣ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ውጤቱን በስልክ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። ይህን ያነሣሁት ኳስ ሐዘን ያስረሳል ለማለት አይደለም፤ አያስረሳም። ስለ ተጫዋች ሙያ ሲተነተን ሜዳው የቆመበት መሬት እንዳይዘነጋ ነው። የእኛ ተጫዋቾች በሃያዎቹ አጋማሽ፣ አንድ አማካይ በሚበስልበት ዕድሜ፣ ወረርሽኝና ጦርነት ተከታትለው መጡባቸው።

ባሕር ዳርም ሳትቆይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከሚያስተናግዱ ከተሞች ዝርዝር ወጣች። ማዳጋስካርን መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. 4 ለ 0 ያሸነፍንባት፣ ዚምባብዌን የረታንባት፣ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ያሸነፈችን ያቺው ሜዳ ናት። ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ቀጥሎ ሊሎንግዌ፤ ሌላ ጊዜ ሞሮኮ፤ ሌላ ጊዜ ዳሬሰላም። የቡድኑ ወጪና የደጋፊው ናፍቆት ብዙ ተወርቶበታል። ስለ አማካዩ ግን ሲነሣ አልሰማሁም። የውጭ ክለብ መልማይ ኢትዮጵያዊ አማካይን የሚያይበት ዋናው መስኮት የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ነው፤ ኮትዲቯርን ወይም ጋናን ሊያይ የመጣ ሰው ዓይኑ እኛ ላይ ያርፋል። ተጫዋቹ በለመደው አየርና በለመደው ሣር፣ ሰላሳና አርባ ሺህ ሰው ከኋላው ቆሞ ሲጫወት አንድ ነው፤ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ከረጅም በረራ ወርዶ ሲጫወት ሌላ ነው። በ2012ቱ የባሕር ዳር ጨዋታ ሁለት አማካዮች ግብ ያገቡት እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቡድኑ ቤቱ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ደፍረው ወደፊት ሄዱ።

ደፍሮ መሄድም ብቻውን አይበቃም። ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ቡና ማልያ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ አማካይ ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሲወስደው አገር በደስታ ተነጋገረ። ብዙም ሳይሰለፍ ተመለሰ። ብዙዎች «አልቻለም» ብለው ዘጉት። እኔ እንደዚያ አላየውም። የእሱ ዓይነት ተጫዋች ቡድኑ እንዴት እንደሚጫወት፣ ማን ከፊቱ እንደሚሮጥ፣ ማን ከኋላው እንደሚሸፍን እስኪያውቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቋንቋም ይፈልጋል፣ መሀል ሜዳ ያለ ሰው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚያወራ ነውና። አጥቂ ዝም ብሎ ሊያገባ ይችላል። በሩሲያ ክረምት፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ አማካይ ራሱን አሳይ ሲባል የተጠየቀው ከባድ ነገር ነው።

ሱራፌል አሁን ርቋል። በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሊስበርግ ከተማ ለሚገኘው ላውደን ዩናይትድ ፈረመ፤ ክለቡ በአገሪቱ ሁለተኛ እርከን ሊግ የሚጫወት ነው። ዋሺንግተን ቅርብ ነው፤ ኢትዮጵያዊው በብዛት ያለበት አካባቢ ነውና ስሙን ጠርቶ የሚያበረታታው አያጣም። እዚህ ላለው ሰው ግን ተሰወረ። እዚያ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ደባርቅ በዚያ ሰዓት ከብርድ ተሸሽጋ ተኝታለች። ሽማግሌው «የኛው ልጅ» ያሉት ተጫዋች ወደፊት ባደረገው እርምጃ ከእኛ ዓይን ወጣ። እሱ መሄዱ ትክክል ነው፤ ብቻ ቦታውን የሚይዝ ከዚህ መስመር ማን አለ?

እስቲ ወደ ላይ እንውጣ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ነው። የቦሊቪያ ብሔራዊ ቡድን ለረጅም ዓመታት ይጫወትበት የነበረው የላፓዙ ኤርናንዶ ሲሌስ ስታዲየምም ከፍታው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ብራዚልና አርጀንቲና እዚያ ወጥተው ሲጫወቱ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ፊፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ በዓመቱ እገዳውን አንሥቷል። ያ መስመር ቢጸና ኖሮ አዲስ አበባ ለጥቂት ታመልጥ ነበር፤ 2,850 ሜትር ላይ ያለችው ደባርቅ ግን ትታገድ ነበር። ይህን ሳነብ ከመናደድ ይልቅ ኩራት ተሰማኝ። የእኛ ልጆች በግ እየጠበቁ የሚሮጡበት አየር ለዓለም ተጫዋቾች የተከለከለ ሊሆን ነበር ማለት ነው።

አየሩ ሲሳሳ ኳስ ትፈጥናለች፤ የሚያቆማት ነገር ይቀንሳልና ከታሰበው በላይ ትሄዳለች። በተዳፋት ላይ ደግሞ ስህተት ቅጣቱ ፈጣን ነው፤ የጨርቅ ኳሱ ካመለጠ ገደል ሥር ወርዶ ማምጣት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያድግ ልጅ ሳያውቀው ኳስን ወደ እግሩ ቀርቦ መያዝ፣ ሩቅ ከመምታት አጠገቡ ላለው መስጠት ይለምዳል። ትንፋሹም አለው፤ ዘጠና ደቂቃ ውስጥ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ለአማካይ የተለመደ ነው፣ ለአጎራባቹ የጃናሞራ ወረዳ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት መንገድ ነው። ጥሬ ዕቃው አለ ስል በስሜት ብቻ አይደለም።

የጎደለው መሰላሉ ነው። ከ12 እስከ 17 ባለው ዕድሜ አማካይ የሚሠራው ነገር አለ፤ ኳስ ሳትመጣ አንገትን ማዞር፣ በሁለቱም እግር መቀበል፣ ጀርባን ለተቃራኒ ሳይሰጡ መዞር። ይህ በሃያ ዓመት አይገባም። የሚያስተምር ሰው፣ በየሳምንቱ የሚደረግ ጨዋታ፣ የሚጻፍ መዝገብ ይፈልጋል። ሽመልስ ሐዋሳ ላይ መወለዱ ዕድል ነበር፤ ሰፈሩና የከተማው ቡድን ተያይዘዋል። ደባርቅ የተወለደ ሽመልስ በ14 ዓመቱ ማን አየው? ጎንደር ወርዶ ለሙከራ የሚቀርበው በ18 ወይም በ19 ዓመቱ ነው፤ ያኔ ደግሞ በአንድ ጠዋት ሙከራ የሚመረጠው ፈጣኑና ጠንካራው ነው፣ አስተዋዩ አይለይም።

መዝገቡ ደግሞ ገንዘብ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12ኛ እስከ 23ኛ የልደት ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ድርሻ 5 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ይታሰባል። በአንድ ሚሊዮን ዶላር ዝውውር 50 ሺህ ዶላር ለአሳዳጊዎች ይወጣል፤ ልጁን አራቱን የመጀመሪያ ዓመታት ያሠለጠነ የትንሽ ከተማ ቡድን 10 ሺህ ዶላር ያገኛል። ለደባርቅ ታዳጊዎች ይህ የስንት ዓመት ኳስ፣ ጫማና የመኪና ኪራይ እንደሆነ አስቡት። ሳንቲሟ የምትመጣው ግን ልጁ በፌዴሬሽን ተመዝግቦ፣ ቡድኑም ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘ ነው። ያልተመዘገበ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ለፊፋ በ18 ዓመቱ ከሰማይ እንደወረደ ይቆጠራል። በላዩ ላይ እዚህ አገር የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው፤ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነፃ ይሄዳል፣ የሚከፋፈል ዋጋም አይኖርም። ለተጫዋቹ አጭር ውል የፊርማ ክፍያ በየጊዜው ያስገኝለታል፤ አልፈርድበትም። ክለቡ ግን ልጅን ለማሳደግ ምክንያት ያጣል፤ ነገ የማይቆይን ሰው ማን ያሳድጋል?

እኔ ትልቅ አካዳሚ ይሠራ አልልም። የጎንደር–ደባርቅ መንገድ አለ። በእሱ ላይ አምባ ጊዮርጊስ አለች፣ ዳባት አለች፣ ደባርቅ አለች። በየከተማው አንድ ከ15 ዓመት በታች ቡድን፣ አንድ የሠለጠነ አሠልጣኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጨዋታ፤ ስማቸው በጎንደር በኩል ለፌዴሬሽኑ የተላለፈ። ፋሲል ከነማ በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቢልክ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። የሚላከው ሰው ግን ሩጫ የሚለካ እንዳይሆን፤ አንገት የሚያይ ይሁን።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከጨነቅ ስመለስ ከደባርቅ ጥግ አንድ ሣር ላይ ልጆች ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ድንጋይ ለግብ ቆሟል፤ አንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዱ ኮንጎ ጫማ አድርጎ። መሀል ላይ ቀጠን ያለ፣ ከሌሎቹ የሚያንስ ልጅ አለ። ጓደኛው ኳሷን ወደ እሱ ሲልካት አንገቱን ዞር አድርጎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ፤ ከዚያ ሳያቆማት በግራ እግሩ ውስጠኛ ጎን ወደ ዳር አሳለፋት። የተቀበለው ልጅ አገባት፤ ሁሉም ተሯሩጠው እሱን አቀፉት። ትንሹ ልጅ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሜዳው ዳር የነበርነው እኔና አንድ በጎቹን የሚያግድ ሰው ብቻ ነበርን።